የቦሰና እሺታ

ታኅሣሥ ሁለት ሺህ ስምንት ላይ ቡራዩ ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ የሚያወራው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ነበር። ገበሬው ስለ መሬቱ ይጨነቃል፤ ወጣቱ ይቆጣል፤ ባለሱቁ ጩኸት በሰማ ቁጥር የብረት መዝጊያውን ይስባል። አገር በእንዲህ ያለ ትልቅ ጭንቀት ሲያዝ የቤት ውስጥ ጭንቀት ያፍራል፤ «አሁን የኔ ነገር ነው እንዴ የሚወራው?» ብሎ ጥግ ይይዛል። የአናጢው የዘርሁን ቤትም ያን ሰሞን እንዲሁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዘርሁን ከመርካቶ ማጠፊያና ቫርኒሽ ገዝቶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ አሸዋ ሜዳ ላይ ቆመ። ከፊት መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ አየና፣ «ወራጅ! የቀረውን በእግራችሁ ጨርሱት» አለ። ማንም አልተከራከረም። ሴቱ ዘንቢሉን፣ ወንዱ ጆንያውን ተሸክሞ የመንገዱን ዳር ይዞ ተጓዘ።

ዘርሁን ሃምሳውን አልፏል። የተወለደው ደቡብ፣ ዱራሜ አጠገብ ነው። በወጣትነቱ ከአዋሽ ጥጥ እርሻ ጀምሮ ብዙ ቦታ ዞሯል፤ በኋላ ጌታን ተቀብሎ፣ ቦሰናን አግብቶ፣ ቡራዩ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ። በርና አልጋ ይሠራል፤ ሶፋም ሲሠራ ጨርቁን የምትሰፋለት ራሷ ቦሰና ናት። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ የተጣላ ባልና ሚስት ወደ እሱ ይመጣል። እሱ የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ በገዛ ቤቱ።

ጥቂት እንደተራመደ ከኋላው፣ «ጋሼ ዘርሁን! እርስዎ ነዎት?» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ቢል የግንበኛው የአሥራት ልጅ አጵሎስ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር የሚያውቀው ልጅ ዛሬ ጤና መኮንን ሆኖ በከተማው ጤና ጣቢያ ይሠራል። በእጁ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል፤ ከጀሪካኑም የሚኮመጥጥ ሽታ ይወጣል።

«ሰላም ነው ልጄ? አባትህ ደኅና ነው?» አለ ዘርሁን። «ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው? አቼቶ አይደለም እንዴ? ሰላጣ ቤት ከፈትክ?»

አጵሎስ ሳቀ። «አቼቶ ነው ጋሼ፤ የጤና ጣቢያው ነው። የሚላክልን ዕቃ በመንገዱ መዘጋት ቀረብን፤ ሴቶቹ ደግሞ ሰኞ ይመጣሉ። በባዶ እንዳልመልሳቸው ብዬ ነው።»

«ሐኪምንና አቼቶን ምን አገናኛቸው?»

ወጣቱ ትንሽ አመነታ። ማመንታቱ አይፈረድበትም። ሕዝባችን ልቤን፣ ኩላሊቴን፣ ጉበቴን ብሎ በአደባባይ ይናገራል፤ ሁላችንም ወደ ወጣንበት ወደ ማሕፀን ሲደርስ ግን ድምፁን ይቀንሳል። ከታላቅ ጋር ሲሆን ጭራሽ ይዘጋዋል። አጵሎስ ግን የተማረው ይህን ዝምታ ሊሰብር ነበርና እንዲህ አለ፦

«ከፈቀዱልኝ ልንገርዎት። የማሕፀን በር ካንሰር የሚባል በሽታ አለ። ከመምጣቱ በፊት ዓመታት ወስዶ ነው የሚዘጋጀው። ሲስተር ገነት ቀጠን ያለውን አቼቶ የማሕፀኑን በር ትቀባዋለች። ጤነኛው ቦታ እንደነበረ ይቆያል፤ መበላሸት የጀመረ ካለ ነጭ ይሆናል። ነጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቦታውን በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ይታከማል። ሴትየዋ በእግሯ መጥታ በእግሯ ትመለሳለች።»

«ደግ ሥራ ነው» አለ ዘርሁን። «ለመሆኑ ካንሰር ከምን ይመጣል? እኛ አገር እርግማን ነው ይሉታል።»

«ይሄኛው እርግማን አይደለም ጋሼ። ከቫይረስ ነው። ኤች ፒ ቪ ይሉታል። አንድ ብቻም አይደለም፤ ከመቶ በላይ ዓይነት ስላለው በቁጥር ነው የሚጠሩት። ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም። አንዳንዶቹ እጅ ላይ ወይም ኀፍረተ ሥጋ ላይ ኪንታሮት ያወጣሉ፤ እነሱም አይገድሉም። ክፉዎቹ ጥቂት ናቸው። በተለይ አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት የሚባሉት ሁለቱ፤ ከአሥር የማሕፀን በር ካንሰር ሰባት ያህሉ የነሱ ሥራ ነው።»

«በምን ይገባል?»

«በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ በባልና በሚስት መካከልም ቢሆን።»

ዘርሁን ቆመ። የያዘውን ዕቃ መሬት አስቀመጠ። «እንግዲያው የሴሰኞች በሽታ ነው በለኛ! ይሄን ሁሉ ለምን አዞርከው?»

«አይደለም ጋሼ፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው» አለ አጵሎስ ጀሪካኑን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ። «ትዳር የያዘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይህን ቫይረስ ያገኘዋል። ለአብዛኛው ሰው ሰውነቱ ራሱ ታግሎ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወጣዋል። በጥቂት ሴቶች ላይ ግን ይቀመጣል። አያሳክክም፣ አያምም፤ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ይሠራል። ወንዱም ይዞት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ጨዋ ሴት ልትታመም ትችላለች።»

«ሳያሳክክ፣ ሳያም፣ በሽታ እንዴት ይባላል?»

«እርስዎ አናጢ ነዎት። ምስጥ የገባበትን በር ከላይ አይተው ያውቁታል?»

«ቀለም ከተቀባ ማን ያውቀዋል? አንኳኩቼ በድምፁ ነው።»

«የእኛም ምርመራ ማንኳኳት ነው ጋሼ። በሩ ሳይወድቅ።»

በገዛ ሙያው መያዙ ዘርሁንን አበሳጨው። አጵሎስም ነገሩ የገባው መስሎት ቀጠለ፦ «ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ሁሉ ቢታዩ ደስ ይለናል። እትዬ ቦሰናን ሰኞ ቢልኩልኝ? የምታያቸው ሴት ናት።»

«ልጄ፣» አለ ዘርሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ አባትህ ስል አከብርሃለሁ። ሚስቴን ግን በዚህ ነገር አትጥራብኝ። የሽማግሌ ሚስት እዚያ ወረፋ ላይ ከታየች እሑድ ምን ብዬ መድረክ ላይ እቆማለሁ? የተሰለፈችውን ሁሉ ሰው ምን እንደሚላት አንተ አትሰማም፤ እኔ እሰማለሁ።»

«ይቅርታ ጋሼ፤ ላስቆጣዎት አልነበረም» አለ ወጣቱ። ከዚያ በኋላ እስከ ቡራዩ ስለ መንገዱና ስለ እስሩ ብቻ እያወሩ ተጓዙ።

ዘርሁን ለአጵሎስ ያልነገረው ነገር ነበር። ቦሰና በጥቅምት ወር፣ መብራቱን ካጠፉ በኋላ፣ «የማርቲ አባት፣ ያለ ጊዜው ደም እያየሁ ነው» ብላዋለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ስለነበር፣ «የዕድሜ ነው፤ ይሄዳል» ብሎ አጽናናት። አሁን ግን የልጁ ንግግር ያንን ቃል ቀሰቀሰበት። ደግሞም ከዚያ ይልቅ የቆየ ነገር ቀሰቀሰበት፤ የአዋሽ የጥጥ እርሻ ዘመን። ከቦሰና በፊት፣ ከእምነቱም በፊት፣ ደመወዝ በተቀበለ ማግስት የት ያድር እንደነበር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። «አሮጌው ሰው ሞቷል» ብሎ ቀብሮት ነበር። የሞተ ሰው በቫይረስ ተመልሶ ይመጣል ማለትን ሊሰማ አልፈለገም።

ቤት ሲደርስ ቦሰና መስፊያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሶፋ ጨርቅ ትሰፋለች። ታናሽቱ ልጃቸው ሜሪ አጠገቧ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ታላቋ ማርቲ አግብታ ሰበታ ነው የምትኖረው። ሜሪ ወደ ጓዳ ስትገባ ቦሰና እግሯን ከመርገጫው አነሳችና፣ «ሰብሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታየች» አለች። ሰብሪያ ጨርቅ የምትሸጥላት ጎረቤቷ ናት። «ሩብ ሰዓት አልፈጀም አለችኝ። ሰኞ አብሬሽ ልሂድ ብላኛለች።»

«የምን መታየት?»

«የሴት ነገር ነው። የነገርኩህ ደም አልተወኝም እኮ።»

«መንገዱ እንዲህ ሆኖ! ተኩስ እየተሰማ!»

«ጤና ጣቢያው እዚሁ ነው፤ የዳቦ ቤቱን ጥግ ዞሮ።»

ዘርሁን ሌላ ምክንያት ፈለገ። «ቦሰና፣ ያ ምርመራ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዛሬ ልጁ ነግሮኛል። በሽታው በግንኙነት ነው የሚመጣው። ነገ ‹የዘርሁን ሚስት እዚያ ምን ታደርጋለች?› ቢሉ ምን እመልሳለሁ? በጸሎት እንያዘው። ነገሩም ይረጋጋ፤ ከዚያ እናየዋለን።»

ቦሰና ለረጅም ጊዜ ዓይኑን አየችው። አንድ ጥያቄ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ፣ «እሺ» አለችና መርገጫውን ረገጠች።

በእኛ አገር እሺ ብዙ ትርጉም አለው። መስማማት ነው፤ መታከትም ነው፤ አንዳንዴም በውስጥ በኩል በር መዝጋት ነው። ባሎች ግን አንዱን ትርጉም ብቻ መስማት ለምደናል።

ሰኞ ጠዋት ሰብሪያ ሻሿን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመች። ቦሰና፣ «ዛሬ ሥራ በዛብኝ፤ ሌላ ቀን» ብላ መለሰቻት።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ግርግሩ ግን አልቀረም፤ የታሰረው ሳይፈታ፣ የሞተው ሳይለቀስለት፣ አንዱ ሰልፍ ሌላውን እየወለደ ክረምት ገባ። «ነገሩ ይረጋጋ» ያለው ዘርሁን የሚረጋጋውን ቀን አላገኘውም። ዛሬም ቢሆን አገር እስኪረጋጋ ብለን የምናሳድረው ሕመም ስንት ነው! ሕመሙ ግን አገሩን አይጠብቅም።

ቦሰና እየከሳች ሄደች። የወገብ ሕመም ያዛት፤ አንድ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ከገላዋ የሚሸት ነገር ስለነበር ሰው መሀል መቀመጥ ተወች፤ እሑድ እሑድ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሽማግሌው ባሏ መድረክ ላይ ሆኖ ያያታል፤ ለምን ወደ ኋላ እንደሄደችም ያውቃል። አንድ ቀን «ሐኪም ጋ እንሂድ?» ብሎ ጀመረና፣ «ክረምቱ ይውጣና» ስትለው ቀለለው። ይህን መቅለል በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገመው እሱና አምላኩ ያውቃሉ።

በመስከረም መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን፣ ከመስፊያ መኪናዋ ላይ ወደቀች። የተቀመጠችበት በደም ርሶ ነበር። ሜሪ እየጮኸች ወደ ሥራ ቤቱ ሮጠች። ለዘርሁን በሐሳቡ የመጣለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አጵሎስ። ወጣቱ ያለፈውን ሳያነሳ መኪና ፈልጎ መጣ። በየኬላው ወታደር ሲያስቆማቸው መታወቂያውን እያሳየ፣ እየለመነ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ከብዙ ምርመራ በኋላ ሐኪሟ ዘርሁንን ለብቻው አስቀመጠችው። «የማሕፀን በር ካንሰር ነው» አለችው። «ወደ ጎን ተስፋፍቷል፤ የኩላሊቷን መንገድ ይዟል። ቀዶ ጥገና አልፎታል። የሚቀረን ጨረር ነው። በአገራችን ይህን የሚሰጠው አንድ ማዕከል ስለሆነ ወረፋው ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ሕመሟን እናስታግሳለን።» ቀጥላም፣ «ከዚህ በፊት ተመርምራ አታውቅም?» ስትል ጠየቀችው። ዘርሁን ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም፤ እሱም ብትቆጣው በወደደ ነበር።

ከሆስፒታል በተመለሱ በሳምንቱ ዘርሁን አጵሎስን ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው። ሳይቀመጥ፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለ። «ይህን በሽታ ማን አመጣው? እሷ ናት ወይስ እኔ?»

«ይቀመጡ ጋሼ። ይህን የሚነግርዎት ሐኪም የለም። ቫይረሱ የገባበት ቀን አይጻፍበትም። ጉንፋን ከየትኛው ታክሲ ያዘኝ ብለው ይጠይቃሉ?»

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለ ዘርሁን። «ከሷ በፊት አዋሽ ሳለሁ ንጹሕ አልነበርኩም። እሷ ከኔ ሌላ አታውቅም።»

«ቢሆንም ያኔ ማን ያውቅ ነበር? ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የያዘው ሰው እልፍ ነው። የሚታመመው ጥቂት ነው፤ ለምን አንዷ ዳነች ሌላዋ ታመመች ለሚለው ሙሉ መልስ የለንም። ባለማወቅዎ አይፈረድብዎትም።»

«በዚያስ አይፈረድብኝ። አሸዋ ሜዳ ላይ ከነገርከኝ በኋላስ? ያኔ ልኬያት ቢሆን ትድን ነበር?»

አጵሎስ አቀረቀረ። መዋሸት አልፈለገም፤ ያላወቀውን ቁርጥ አድርጎ መናገርም አልፈለገም። «ደም ማየት ጀምረው ከነበረ ምናልባት ያኔም ገብቶ ይሆናል። ግን ትንሽ ሳለ ቀዶ ጥገና ያወጣው ነበር። ምናልባት ነው ጋሼ። እኔም ጥፋት አለብኝ። ቤትዎ መጥቼ እትዬ ቦሰናን ራሳቸውን ማነጋገር ነበረብኝ። እርስዎን አክብሬ ቀረሁ። አክብሮት እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያደርግ አላወቅሁም ነበር።»

ዘርሁን ያኔ ተቀመጠ። አንዱ በእንቢታው፣ ሌላው በጨዋነቱ ተጸጸተ። የአገራችን ሴቶች በሁለቱ መካከል ሲያልፉ የኖሩ ናቸው።

ዘርሁን ቤቱ ሲገባ ቦሰና ነቅታ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ይህን አልጋ የሠራው ለሠርጋቸው ነው። ከየት እንደሚጀምር ሲጨንቀው እሷ ቀደመችው።

«ጠርጥረኸኛል?» አለችው። «እውነቱን ንገረኝ። ደሙን ከነገርኩህ ቀን ጀምሮ ዓይንህን ታሸሽብኛለህ።»

«አንቺን አይደለም። ራሴን ነው የጠረጠርኩት» አለ ዘርሁን። «የጥንቱ ኃጢአቴ እንዳይወጣብኝ ፈርቼ ነው ያልላክሁሽ። በሰው ፊት ያለውን ስሜን አንቺን ከፍዬ ጠበቅሁት።»

ቦሰና ቀስ ብላ እጇን እጁ ላይ አሳረፈች። «ስለ አዋሹ አውቃለሁ። ጎረምሳ ጥጥ እርሻ ከርሞ መልአክ ሆኖ አይመለስም። ያንን ይቅር ያልኩህ ማርቲ ሳትወለድ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እሺ ማለቴ ነው። ሰብሪያ በሬ ላይ ቆማ ሳለ፣ ገላዬ እየነገረኝ፣ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። አንተም ደግ ሰው ነህ፤ ሁለተኛ ብጠይቅህ ትልከኝ ነበር። አልጠየቅሁህም።»

«ቦሰና…»

«ስማኝ። ማርቲ ሠላሳ ሞልቷታል፤ ሳምንቱ ሳያልፍ ትታይ። ባሏ እንቢ ካለ አንተ ራስህ ሰበታ ሂድና ይዘሃት ሂድ። ሜሪም ስትደርስ ያለውን ነገር ሁሉ አድርግላት። ልጆቼን እሺ አታስብላቸው።»

ዘርሁን በማግስቱ ሰበታ ሄደ። የማርቲ ባል ትንሽ አንገራገረ፤ አማቱ ግን ሽማግሌነቱን ትቶ እንደ ለማኝ በሩ ላይ ሲቆም አይቶ ፈቀደ። ማርቲ ተመረመረች። አቼቶው ሲቀባ ነጭ ነገር ታየ፤ ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ወደዚያ መንገድ የጀመረ ነበር። በዚያው ዕለት በቅዝቃዜ ታከመች፤ በዓመቷ ተመልሳ ስትታይም ጠፍቶ ተገኘ። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት በር ላይ ቆመው፣ አንዷ በጊዜ ስላንኳኳች ዳነች። ቦሰና ግን የጨረር ተራዋ ሳይደርስ፣ በወደቀች በአራት ወሯ፣ ጥር ላይ አረፈች። ከማረፏ በፊት የማርቲን ውጤት ሰምታ፣ «እንግዲህ አልከሰርኩም» ማለቷን ሰብሪያ ዛሬም እያለቀሰች ትናገራለች።

ዓመታት አለፉ። በሁለት ሺህ አሥራ አንድ መግቢያ ላይ ቡራዩ ላይ ክፉ ቀን ወረደ፤ ከደቡብ የመጡ ሰዎች በየቤታቸው እየተፈለጉ ተጎዱ። ያን ጊዜ ዘርሁንንና ሜሪን ጓዳቸው ውስጥ ያስቀመጡ፣ በራቸው ላይ ዱላቸውን ይዘው የተቀመጡ፣ «ከዚህ አጥር የሚያልፍ በሬሳዬ ላይ ነው» ያሉ ጎረቤቱ ኦቦ ዱባለ ናቸው። ኦቦ ዱባለ መሬታቸው ለቤቶች ግንባታ የተወሰደባቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ከመንግሥት የመጣ ነገር ሁሉ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ያጠራጥራቸዋል።

በኅዳር ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ። አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆች ሊከተቡ ነው ተባለ። ሜሪና የኦቦ ዱባለ የልጅ ልጅ ሶሬቲ አንድ ክፍል ናቸው። ስብሰባው ሳይጀመር ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ መርፌው ልጆቹን መካን ያደርጋል የሚል።

ዘርሁን በግቢው በር ላይ ኦቦ ዱባለን ሲመለሱ አገኛቸው። «አካም ቡልተኒ ኦቦ ዱባለ? ወዴት ነው? ስብሰባው ገና አልተጀመረም እኮ።»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ሶሬቲን ልወስዳት ነው የመጣሁት» አሉ ሽማግሌው። «መሬቴን ሲወስዱ ‹ለልማት ነው› አሉኝ። አሁን ‹ለጤና ነው› ይላሉ። መጀመሪያ መሬት፣ ቀጥሎ ዘር! ለምን ሴቶቹን ብቻ? ለምን ገና ያላገቡትን? ይሄ ጥያቄ አይደለም?»

«ጥያቄ ነው» አለ ዘርሁን። «አንቱን ተሳስተዋል የምልበት አፍ የለኝም፤ መሬቱን ሲወስዱ አይቻለሁ። ግን ቦሰናን ያውቋታል?»

«ዋቃዮ፣ አምላኬ! ቦሰናን እንዴት አላውቃት? ቀብሯ ላይ ነበርኩ።»

«የሞተችበትን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ‹በውስጥ ደዌ› ነው ያልኩት። ማሕፀኗ በር ላይ በወጣ ካንሰር ነው የሞተችው። ያመጣውም ቫይረስ ነው፤ ይህ መርፌ የሚከለክለው ቫይረስ። ጨዋውንም ጨዋ ያልሆነውንም እኩል የሚይዝ ነገር ነው። ለምን ሴቶቹን አሉ፤ ማሕፀን ያላቸው እነሱ ስለሆኑ ነው። ለምን ሳያገቡ አሉ፤ መርፌው አስቀድሞ የገባውን አያወጣም፣ የሚመጣውን ነው የሚመልሰው። አጥር የሚታጠረው ጅቡ ከገባ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

«መካን ቢያደርጋትስ?»

«መካን የሚያደርገው በሽታው ነው ኦቦ ዱባለ። ማሕፀን የሚያስቆርጠው እሱ ነው። መርፌውን ሌሎች አገሮች ለዓመታት ለልጆቻቸው ሲሰጡ ኖረዋል፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ እናቶች ናቸው። ክንድ ያማል፤ ትኩሳት ቢመጣ አንድ ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ትወጋለች፤ አሁንና ከስድስት ወር በኋላ። ስትጎለምስ ደግሞ ምርመራው አይቀርላትም፤ መርፌው ክፉዎቹን ሁለት ዓይነቶች እንጂ ሁሉንም አይመልስምና።»

ሽማግሌው በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ይህን ሐኪሙ ነግሮሃል። አንተ ታምናለህ?»

«እኔ ያላመንኩ ጊዜ ያጣሁትን አንቱ አይተዋል። በመስከረም እኔን ለማዳን በራስዎ ላይ ሲፈርዱ ‹ዘርሁን ከየት ነው?› አላሉም። ለእንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነገር ምከር ቢሉኝ ምላሴ አይታዘዘኝም። ሜሪ ትቅደም። ልጄ ተወግታ አንቱ ቆመው ይዩ። ሶሬቲን ከዚያ በኋላ ይወስኑላት።»

ኦቦ ዱባለ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ለቀብሩ ጠርተኸኝ ለበሽታው አልጠራኸኝም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዱጋዳ፣ እውነት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሶሬቲ እናትም አንዳንዴ ደም አያለሁ ትላለች፤ ለሷስ የሚሆን አለ?» አሉ።

ዘርሁን የሽማግሌውን ክንድ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «አለ። ዛሬ ከሰዓት እንወስዳታለን። ነገ አይደለም፣ ዛሬ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ግቢው ተመልሰው ገቡ። በስብሰባው ላይ ጮክ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቱን በሽታ በስሙ የጠራው ዘርሁን ነበር። አባቶች አቀረቀሩ፤ እናቶች ቀና አሉ። እሑድም መድረክ ላይ ቆሞ ለወንዶቹ እንዲህ አለ፦ «ሠላሳ ዓመት የሞላት ሚስት ያላችሁ ላኳት አልላችሁም፤ ይዛችኋት ሂዱ። በር ላይ ጠብቋት። የሚያፍር ካለ የኔን ኀፍረት ይየው፤ መቃብሩ ቅርብ ነው።» በዚያ ወር ከአጥቢያው ብቻ ብዙ ሴቶች ታዩ፤ ነጭ የታየባቸው ታከሙ፤ የሶሬቲ እናትም ሆስፒታል ተልካ ገና በጊዜው በመሆኑ በቀዶ ጥገና ዳነች። ለአንድ ቤት እናት ማቆየት ማለት ልጆችን ከትምህርት አለማስቀረት፣ እርሻን ለሕክምና አለመሸጥ፣ ባልን ከጸጸት ማዳን ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት አባቶች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የተናገሩት።

ሜሪ የተከተበች ዕለት ማታ ክንዷን ይዛ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የሳይንስ ትምህርት የምትወድ፣ ጥያቄ የማይሰለቻት ልጅ ናት።

«አባዬ፣ ይሄ መርፌ ያኔ ቢኖር እማዬ ትድን ነበር?»

ዘርሁን ሊያባብላት ይችል ነበር። አላባበላትም።

«መርፌው ለእናትሽ አይደርስም ነበር፤ በልጅነት ነው የሚሰጠው» አለ። «ምርመራው ግን ደርሶላት ነበር፤ የዳቦ ቤቱን ጥግ ዞሮ እዚያው ነበር። ያልደረስኩላት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ የማያማትን ክንዷን በአባቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።